ማይግሬን ላለባችሁ፦ አዳማ ሆኜ በ22 ዓመት የተማርኩት፣ ከነደብተሩ

ከ19 ዓመቴ ጀምሮ ማይግሬን አለብኝ፣ አሁን 41 ሞላኝ፣ ማለትም ከባሌ ጋር ከኖርኩት በላይ ከሱ ጋር ኖሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ አዳማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነው ምሸጠው። ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ያልተባልኩት ነገር የለም፣ ሳይነስ ነው ተባልኩ፣ ግፊት ነው ተባልኩ፣ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨመቀልኝ፣ መነጽር ግዢ ተብዬ ገዛሁ (መነጽሩም አለ ራስ ምታቱም አለ)፣ አንዷ ጎረቤታችን ደሞ የሰው ዓይን ነው ብላ ደምድማ ነበር። እና ከሐኪሞቼ የሰማሁትንም ራሴ ላይ ያየሁትንም በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ረጅም ነው፣ አሁን አሟችሁ ከሆነ አታንብቡት፣ ስልኩን ዝጉና ተኙ፣ ሲለቃችሁ ትመለሳላችሁ።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ንገሪን ካላችሁኝ ግን፣ ክኒን በዋጣችሁ ቁጥር ጻፉ ነው ምላችሁ። ለምን እንደሆነ ታች ስንደርስ ይገባችኋል።

1. መጀመሪያ ማይግሬን ነው ወይ?

ራስ ምታት ሁሉ ማይግሬን አይደለም። ብዙ ሰው ጋ ያለው የውጥረት ራስ ምታት ሚባለው ነው፣ እሱ ጭንቅላትን በሻሽ ጥፍር አድርገው ያሰሩት ያህል ዙሪያውን ይጨብጣል እንጂ አልጋ ላይ አይጥልም፣ እያጉረመረማችሁ ሥራችሁን ትሠራላችሁ። ማይግሬን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይይዛል (ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፣ አንድ ጎን ካልሆነ ማይግሬን አይደለም ሚባለው ስህተት ነው)፣ ከልብ ምት ጋር እኩል ይወቅራል፣ ጎንበስ ስትሉ ወይ ደረጃ ስትወጡ ይብሳል፣ ያቅለሸልሻል አንዳንዴም ያስመልሳል፣ ብርሃን ያስጠላል፣ የሰው ድምፅ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት፣ ሦስት ቀን ማለት ነው፣ ሊቆይ ይችላል።

ሐኪሞች ለመነሻ ሚጠቀሙባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፣ ራሳችሁን ጠይቁ። ባለፉት 3 ወራት ራስ ምታቱ ቢያንስ አንድ ቀን ከሥራ ወይ ከትምህርት አስቀርቷችኋል? ሲያማችሁ ያቅለሸልሻችኋል? ብርሃን ይረብሻችኋል? ከሦስቱ ሁለቱ አዎ ከሆነ ማይግሬን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ብዙ ሰው ማያውቀው፣ ማይግሬን ከህመሙ በፊት ይጀምራል። እኔ ግማሽ ቀን ሲቀረው ያዛጋኛል፣ ማጅራቴ ይገትራል፣ ጣፋጭ ያምረኛል፣ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። ባሌ ከኔ ቀድሞ ያውቃል፣ “ዛሬ ተነጫነጭሽ፣ ሊነሳብሽ ነው” ይለኛል፣ በጣም ያናድደኛል፣ ግን ልክ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ደሞ ህመሙ ከመምጣቱ በፊት ዓይኑ ላይ ዚግዛግ ሚመስል ብልጭልጭታ ይመጣል ወይም የሚያየው ነገር ግማሹ ይጠፋበታል ወይም አንድ እጁን ይነዝረዋል፣ ይሄ ኦራ ይባላል፣ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቆይቶ ይጠፋል። ኦራ ያለባችሁ ሴቶች ታች ያለችውን ቁጥር 8 እንዳትዘሏት።

ህመሙ ከሄደ በኋላም አንድ ቀን ያህል ሰውነት ድቅቅ ይላል፣ ጭንቅላት ጭው ይላል። ስንፍና አይደለም፣ የሱው ጭራ ነው።

ምንድነው ምክንያቱ ካላችሁ፣ አንጎላችን ከሌላው ሰው ይልቅ ለለውጥ ቁጡ ሆኖ የተፈጠረ ነው በሉት። ፊትና ጭንቅላት ላይ ስሜት ሚያመላልሰው ነርቭ ይነቃና ህመም ሚያቀጣጥሉ ነገሮች ይለቃል። በዘር ይሄዳል፣ እናቴም ነበረባት፣ እሷ “ግማሽ ራሴን” እያለች ነበር ምትጠራው። ሴቶች ላይ ከወንዶች ሦስት እጥፍ ገደማ ይበዛል። ብቻችንን ደሞ አይደለንም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አገር ውስጥ የተሠራ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያዊ አዋቂ 18 ገደማው በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን እንደያዘው ነው ያገኘው። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጡት ሁለቱ እንደናንተው ናቸው።

ሲቲ ስካን ልነሳ ለምትሉ፣ ማይግሬን በፎቶ አይታይም። ሚታወቀው ከታሪካችሁ ነው። ስካን ሚታዘዘው ሌላ ነገር ሲጠረጠር ነው፣ ሐኪሙ አያስፈልግም ካለ ናቀኝ ብላችሁ አትዘኑ፣ ብራችሁን ነው ያተረፈላችሁ። ግፊታችሁን ግን ተለኩ።

2. ይሄ ከሆነ አታንብቡ፣ ሂዱ

ድንገት መጥቶ በሰኮንዶች ወይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ሚነካ ራስ ምታት፣ “በሕይወቴ እንዲህ አሞኝ አያውቅም” ሚባለው። ትኩሳት ያለው፣ በተለይ አንገት አልታጠፍ ሲል። አንድ ጎን መዛል፣ አፍ መጣመም፣ ንግግር መተሳሰር፣ መቀባዠር፣ መንቀጥቀጥ። ጭንቅላት ከተመታችሁ በኋላ የመጣ። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ። ኤች አይ ቪ ወይም ካንሰር ያለበት ሰው ላይ አዲስ የመጣ። ነፍሰ ጡር ላይ፣ በተለይ ፊትና እጅ ካበጠ ወይም ዓይን ከደበዘዘ። እዚህ አዳማ ከሆናችሁ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ድንገተኛ ክፍል፣ ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል፣ በሌሊትም ቢሆን።

ሌላ ሁለት የኛ አገር ነገር። አዳማ ወባ አለ፣ ራስ ምታት ከብርድ ብርድ ማለትና ከትኩሳት ጋር ከመጣ ማይግሬኔ ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ደም ተመርመሩ። ሁለተኛው ከሰል ነው፣ ቤት ውስጥ ከሰል ተያይዞ ሁላችሁም በአንዴ ራሳችሁን ካማችሁ ማይግሬን በቤተሰብ አልተነሳም፣ የከሰሉ ጋዝ መርዟችሁ ነው፣ በርና መስኮት ክፈቱ ወደ ውጭ ውጡ፣ ከዛ ሕክምና።

3. ደብተር

ባለ 50 ገጽ የተማሪ ደብተር ይበቃል። አፕም አለ ግን ሲያምህ ስክሪን ማየት መከራ ነው። አምስት ነገር ብቻ ነው ምጽፈው፦ ቀኑ፣ ስንት ሰዓት እንደጀመረና እንደለቀቀ፣ ከ10 ስንት እንዳመመኝ፣ ምን ስንት ክኒን እንደዋጥኩ፣ ከዛ በፊት ባለው ቀን ምን እንደነበረ (እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ወር አበባ፣ ሐዘን ቤት፣ ሠርግ ምናምን)። ያላመመኝን ቀን ጭረት ብቻ አድርጌ አልፋለሁ። ሁለት ሦስት ወር ስትጽፉ ራሱ ያወራል። በፊት ሐኪም “በወር ስንት ጊዜ ያምሻል” ሲለኝ “ኧረ ብዙ ጊዜ” ነበር መልሴ፣ በዛ መልስ ማንም አይታከምም።

4. ምን ይቀሰቅሰዋል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ አንድ ጥፋተኛ ምግብ ይፈልግና ቲማቲም ተወ፣ ቸኮሌት ተወ፣ ሽሮ ብቻ ቀረው። ቀስቃሽ ነገር እንደ ዕዳ ነው፣ አንዱን ትችሉታላችሁ፣ ሦስቱ ሲደራረቡ ነው ሚጥላችሁ። እንቅልፍ አጥታችሁ፣ ቁርስ ሳትበሉ፣ ፀሐይ ስትቆሙ።

አዳማ ደሞ ፀሐይ አላት። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት፣ በበጋ ያ ነፋስ አቧራ አንስቶ ሲያለብሳችሁ (ነፋሱማ ኮረብታው ላይ ተርባይን ያስተከለ ነፋስ ነው)፣ የቆርቆሮው ነጸብራቅ፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ ሱቅ በር ላይ ሚከፈተው ስፒከር። እኔ ያደረግኩት ባለጥላ ኮፍያና ጥቁር መነጽር፣ ሱቄ ውስጥ ወንበሬን ፊቴን ከመንገዱ አዞርኩት፣ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጠዋት ሞልቼ ሳልጨርሰው ወደ ቤት አልሄድም። ጥቁር መነጽር ቤት ውስጥ ግን አታድርጉ፣ ዓይን ጨለማ ሲለምድ ብርሃን ይበልጥ ነው ሚያስጠላው።

ምግብ መዝለል ከሁሉ በላይ ነው ልበል እንጃ፣ ለኔ ነው። እዚህ ጋ ጾም ይመጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ሚጾም ሰው ካለ ራሱን ያውቀዋል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይነሳል። ረመዳን ላይም እንደዛው፣ ጓደኛዬ ዘይነባ ብለን እንጥራት፣ መጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሁልጊዜ ትወድቃለች። ያገዛት ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ቡናዋን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ሱሁር አለመዝለልና ከመግሪብ እስከ ሱሁር ውሃ እየከፋፈሉ መጠጣት ነው። ሕመም ያለበት ሰው በሁለቱም እምነት መላ አለው፣ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ፣ ሐኪማችሁንም ጠይቁ፣ ደብቃችሁ አትሠቃዩ።

ቡና። ወይኔ ቡና። ካፌይን ሲነሳባችሁ በልክ ሊያግዝ ይችላል፣ ከህመም ማስታገሻ ጋር እንኳን ተቀላቅሎ ይሠራል፣ ችግሩ ለምዳችሁት ስትተዉት ነው፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታቱ ከች ይላል። ለዛ ነው እሁድ እሁድ ሚያመን፣ በሥራ ቀን 1 ሰዓት ላይ ምንጠጣውን ቡና እሁድ አርፍደን ተኝተን 5 ሰዓት ላይ ስናገኘው። እኔ አቦልና ቶና ጠጥቼ በረካን በምርቃት ብቻ አልፋታለሁ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ከ8 ሰዓት በኋላ የለም። ዕጣኑን ግን ከኔ ራቅ አድርጉልኝ እላለሁ፣ ያስቀይማል መጀመሪያ፣ ከዛ ይለምዱታል። ዕጣን፣ ሽቶ፣ የሽንኩርት ቁሌት፣ ናፍጣ፣ ሽታ ብዙዎቻችን ላይ ይሠራል።

እንቅልፍ፦ ማነስም መብዛትም። ተኝታችሁ ምትነሱበትን ሰዓት አንድ አድርጉት፣ በዓልም ቢሆን። ጭንቀት ደሞ በሚገርም ሁኔታ ሲያልቅ ነው ሚጥለው፣ ሠርጉ አልፎ ማግስቱን። የቀረውን (ቢራ፣ ጠጅ፣ በተለይ ቀይ ወይን) ደብተራችሁ ይነግራችኋል።

5. ሲነሳ ምን ታደርጋላችሁ

በሰዓት ነው ላስረዳችሁ ምፈልገው ምክንያቱም ሰዓት ነው ዋናው ነገር።

እንደጀመረ፣ ገና ቀላል ሳለ፦ መድኃኒት አሁን ነው። “ትንሽ ልታገሠው” ምትሉት ነገር ነው ሚጎዳችሁ፣ ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራው ይቀንሳል፣ ዘግይቶ የገባ ክኒን እዛው ቁጭ ይላል። መጠኑም ሙሉ ይሁን፣ እናቴ ክኒን ሰብራ ግማሹን ነበር ምትሰጠኝ፣ ለቁጠባ። ለአዋቂ ፓራሲታሞል 1000 ሚሊግራም ነው፣ ማለትም ባለ 500 ሁለት ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ከ4000 ማለፍ የለም (ጉበት ያመመው ወይም በጣም የከሳ ሰው ከዛ ያነሰ ነው፣ ይጠይቅ)። ወይም አይቡፕሮፌን 400። ወይም አስፕሪን 900፣ ባለ 300 ሦስት ፍሬ። ዳይክሎፌናክም ይሠራል። ከፓራሲታሞል ውጪ ያሉትን እነዚህን ሦስቱን ጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ኩላሊት ያመመው፣ ደም ማቅጠኛ ሚወስድ፣ አስፕሪን አስሙን ሚያስነሳበት ሰው እና ከ20 ሳምንት ያለፈች ነፍሰ ጡር አይወስዱም። ጨጓራ የሌለበት ሰው እኛ አገር ማግኘት ከባድ ስለሆነ ይቺን ሁለቴ አንብቧት። ሁለቱን ዓይነት ደሞ አትደርቡ፣ አይቡፕሮፌን ላይ ዳይክሎፌናክ ማለት ጨጓራን መድፋት ነው።

ካቅለሸለሻችሁ ሐኪም ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚሊግራም ሊያዝላችሁ ይችላል፣ ማስመለሱን ያስታግሣል፣ ጨጓራንም ያነቃቃና ክኒኑ እንዲሰርግ ያግዛል። አንዳንዱን ሰው ቁንጥንጥ ያደርገዋል ወይም ጡንቻ ያጣምመዋል፣ ያ ከመጣ ተመለሱ።

ከዛ ጨለማ ክፍል፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ግንባር ላይ፣ ውሃ ጎንጨት ጎንጨት፣ ከተቻለ እንቅልፍ። ሻሽ ጠበቅ አድርጎ ማሰር አንዳንዶችን ያቀላቸዋል፣ ጉዳት የለውም፣ እሰሩ። ዝንጅብል ሻይ ለማቅለሽለሹ ጥሩ ነው። ባጃጅ ወይ መኪና ምትነዱ ዓይናችሁ ላይ ብልጭታው ከጀመረ ዳር ያዙና ቁሙ፣ በተለይ ፍጥነት መንገዱ ላይ፣ ግማሽ መንገድ እያያችሁ አትነዱም።

እነዚህ ካልያዙት ለማይግሬን ተብለው የተሠሩ አሉ፣ ሱማትሪፕታን 50 ወይም 100 ሚሊግራም፣ እኔ ስፈልገው ሁልጊዜ አላገኘሁትም፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም ያልተስተካከለ ግፊት ላለበት አይሆንም። ኧርጎታሚን ከካፌይን ጋር ያለበት የቆየ ክኒን አለ፣ ይሄን በጣም ጠንቀቅ፦ ደም ሥር ያጠብባል፣ ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው፣ ለኤች አይ ቪ ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር አይገናኝም፣ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮችም ጋር አይገናኝም፣ ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ጎረቤት ተሻለኝ ብላ ስትሰጣችሁ እጃችሁን አትዘርጉ። ትራማዶልን ደሞ ለማይግሬን እርሱት፣ ያለምዳል፣ ራስ ምታቱንም ያባብሳል።

6. ቁጠሩ

አሁን ደብተሩ። 34 ዓመቴ ላይ ሱቁ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሲያመኝ መተኛት ስለማልችል ዳይክሎፌናክ ነበር ምውጠው፣ ፋርማሲው ያለ ወረቀት ይሸጥልኛል፣ መጀመሪያ በሳምንት ሁለቴ፣ ከዛ በየሁለት ቀኑ፣ ከዛ ጠዋት ስነሳ አሞኝ ስለምነሳ ከቁርስ ጋር። ጨጓራዬ ሲቃጠል የጨጓራ ክኒን ጨመርኩበት። አንዲት ሐኪም ናት ደብተር ያስያዘችኝ፣ በወሩ ይዤ ስሄድ ቆጠረችው፣ 23 ቀን። “ራስ ምታትሽን ራሱ መድኃኒቱ ነው እየሠራው ያለው” አለችኝ፣ ሰደበችኝ ነው የመሰለኝ።

ግን እውነት ነው፣ ስምም አለው፣ ከመድኃኒት ብዛት የሚመጣ ራስ ምታት። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዛ በላይ፣ ወይም ትሪፕታን (ሱማትሪፕታንና ዘመዶቹ)፣ ኧርጎታሚን፣ ትራማዶልና ድብልቅ ክኒኖች (ሁለት ሦስት መድኃኒት የተቀላቀለባቸው) በወር 10 ቀንና ከዛ በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ ከወሰዳችሁ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ናችሁ። ክኒኑን አይደለም ምትቆጥሩት፣ ቀኑን ነው። ስለዚህ ሕጌ በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ማስታገሻ የለም፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ከደረስኩ መፍትሄው ክኒን አይደለም ሐኪም ነው።

ሲተው ምን ይመስላል? መጥፎ ነው፣ አልዋሻችሁም። የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፣ እኔ 9 ቀን ሱቅ አልከፈትኩም፣ እህቴ ናት የቆመችልኝ። በሁለተኛው ወር ደብተሩ ላይ 6 ቀን ነበር። ትራማዶል ወይ ሌላ እንቅልፍ ሚያስይዝ ነገር ከሆነ ምትወስዱት ግን በአንዴ አታቁሙ፣ በሐኪም ቀስ ተብሎ ነው ሚወርደው።

7. እንዳይነሳ የሚወሰድ

በወር 4 ቀንና ከዛ በላይ እየጣላችሁ ከሆነ በየቀኑ ሚወሰድ መከላከያ ጠይቁ። ውድ አይደሉም ብዙዎቹ፣ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ፕሮፕራኖሎል አለ፣ የግፊትና የልብ መድኃኒት ነው፣ አስም ላለበት አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ ከ10 ወይ ከ25 ሚሊግራም ሚጀመር፣ እንቅልፍ ለሌለው ጥሩ፣ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያንገዳግዳል መጀመሪያ። “የድብርት መድኃኒት ሰጡኝ፣ እብድ አሉኝ” ብሎ የወረወረ ሰው አውቃለሁ፣ መጠኑም ዓላማውም ሌላ ነው። ቶፒራሜትና ቫልፕሮኤት አሉ፣ ልጅ ልትወልድ ምትችል ሴት ላይ ጽንስ ይጎዳሉ፣ ቫልፕሮኤት በተለይ።

ሁሉም ላይ አንድ ነገር እወቁ፦ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳትወስዱት አይሠራም አትበሉ። በሁለት ሳምንት ትቶ ሚመጣ ነው ብዙው። ግቡም ጨርሶ ማጥፋት አይደለም፣ በግማሽ ከቀነሰ ሠርቷል። ውጭ አገር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በወር አንዴ ሚወጉ አዳዲስ መርፌዎች አሉ፣ ዘመድ ይልክልኛል ምትሉ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ሐኪምም ይፈልጋል።

መድኃኒት ካልሆነው ውስጥ ከልቤ ማምንበት መራመድ ነው፣ በሳምንት ሦስቴ ለ40 ደቂቃ ላብ እስኪል፣ አዳማ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው ሚሆነው፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ከወጣችሁ ራሱ ይቀሰቅሳችኋል።

8. ለሴቶች

ወር አበባ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ሚነሳባችሁ ካለ ኤስትሮጅን ሲወርድ ነው። ቀኑ ሚታወቅ ከሆነ ሐኪም ለነዛ ቀናት ብቻ ቀድሞ ሚወሰድ ሊያዝላችሁ ይችላል።

ዋናው፦ ኦራ ያላችሁ ኤስትሮጅን ያለበትን ድብልቅ የእርግዝና መከላከያ እንክብል አትውሰዱ፣ የስትሮክ አደጋውን ይጨምራል። የሦስት ወር መርፌውና ክንድ ላይ ሚቀበረው ኤስትሮጅን የላቸውም። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል፣ ራሳችሁ “ዓይኔ ላይ ብልጭልጭ ይላል ከዛ ራሴን ያመኛል” በሉ። እርግዝና ላይ ብዙዎቻችንን ይሻለናል፣ በተለይ ከሦስት ወር በኋላ፣ ማስታገሻ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ነው። ማረጥ ሲቃረብ ይበጠብጣል፣ ካረጡ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይቀላል ይላሉ፣ እየጠበቅኩት ነው።

9. ቤት ውስጥ ላላችሁ

ለባል፣ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለአማት ነው ይሄ። ሲነሳባት “ምን ሆነሽ ነው፣ ምን ልሥራልሽ፣ ትንሽ ብትበዪ” እያላችሁ በየአስር ደቂቃው አትግቡ። ጠያቂ ጎረቤት ከመጣ ሳሎን አስቀምጡ፣ ቡና አይፈላ። ቴሌቪዥኑን ቀንሱ፣ ሽንኩርቱ ነገ ይቁላ። ውሃና ባልዲ አልጋው ሥር አድርጉ፣ ክኒን የዋጠችበትን ሰዓት ደብተሩ ላይ እናንተ ጻፉላት፣ መጋረጃውን ጋርዱ፣ በሩን ቀስ።